ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥ ኮሮላዬ ትታፈናለች፣ ከዚያ ትጠፋለች

የሱሉልታዋ — ሰኞ፣ ምሽት 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ሥራዬ ደግሞ ፒያሳ አካባቢ። በየቀኑ የጎጃምን መንገድ እመላለሳለሁ። መኪናዬ በፈረንጅ የ2006 ኮሮላ ናት፣ ባለ 1.6 ቤንዚን፣ ማንዋል።

ችግሩ ከጀመረ ወር ተኩል ሆኖታል። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ቆማ ስትሠራ ድምጿ ፀጥ ያለ ነው። ሜዳ ላይም ደህና ናት። ማታ ግን ከአዲሱ ገበያ ወጥቼ ዳገቱን ስጀምር፣ በ3ኛ ማርሽ ነዳጅ ስረግጥ ትታፈናለች። ይበልጥ ስረግጥ ይብስባታል። እግሬን ትንሽ ላላ ሳደርግ ትተነፍሳለች። ሦስት ጊዜ ጭራሽ ጠፍታብኛለች። የሚገርመኝ ደግሞ 10 ደቂቃ ያህል ቆሜ ሳስነሳት ምንም እንዳልሆነች ትሄዳለች።

አንድ ጋራዥ 4ቱንም ካንዴላ ቀየረልኝ። ሁለተኛው ኢንጀክተር አጠበ። ሦስተኛው “ኮምፒውተሯ ሄዷል” ብሎ ዋጋውን ሲነግረኝ ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። እስካሁን 17 ሺህ ብር ወጥቶብኛል። ትናንት ስትጠፋብኝ ከኋላዬ የጫነ ሲኖትራክ ነበር፣ ልጄም ከኋላ ወንበር ላይ ተኝታለች። እጄ ሲንቀጠቀጥ የእጅ ፍሬኑን መሳብ አቃተኝ። የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።


የሰበታ_ሰው — ሰኞ፣ ምሽት 3፡05

እህቴ፣ እግዚአብሔር አተረፋችሁ። እኔ እንደሚመስለኝ የቦታው ከፍታ ነው። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ነው። የኔም መኪና ከሰበታ ወደ ሱሉልታ ስሄድ ጉልበት ታጣለች።


የቃሊቲ_መካኒክ — ሰኞ፣ ምሽት 3፡30

ልጄ፣ በመጀመሪያ ስለ ደህንነትሽ ልናገር። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል። ፍሬኑ ግን ወዲያው አይሞትም። የፍሬን ማገዣው ውስጥ ለአንድና ለሁለት ርግጫ የሚበቃ ቫኪዩም (አየሩ ተስቦ የወጣበት ባዶነት) ተይዞ ይቆያል። ስለዚህ ደጋግመሽ አትምቺው። አንዴ ጠበቅ አድርገሽ ረግጠሽ ያዢ፣ ወደ ዳር ውጪ፣ የእጅ ፍሬን ሳቢ፣ 1ኛ ማርሽ ውስጥ አስገቢ። ጥሩ ታኮ ከመቀመጫሽ ስር አይጥፋ። ነገሩ እስኪለይ ድረስ ልጅቷን ይዘሽ በዚያ ዳገት ባትወጪ ደስ ይለኛል።

ለሰበታው ወንድሜ፦ ከፍታው እውነት ነው፣ ግን እሷን የሚያጠፋት እሱ አይደለም። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይቀንሳል። ሞተሩም ጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ኢንጀክሽን መኪና ግን አየሩን ለክቶ ነዳጁን በዚያው ልክ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ደግሞም ይህቺ መኪና አምና በዚሁ ዳገት ደህና ስትወጣ ነበር። ዳገቱ ከፍ አላለም።

አሁን ሦስት ነገር መልሽልኝ። አንደኛ፣ ስትጠፋ የአርፒኤም (የሞተር ዙር) ቆጣሪው ቅጽበት ዜሮ ይገባል ወይስ እያሳለ፣ እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል? ሁለተኛ፣ የቼክ ኢንጅን መብራት በርቶ ያውቃል? ሦስተኛ፣ ነዳጅ የምትቀጂው ከየት ነው?


ዲኤክስ_አሁንም_አለ — ሰኞ፣ ምሽት 3፡52

የኔዋ ካርቡራቶር ናት፣ ስለዚህ ለእህታችን ብዙም አይጠቅም ይሆናል። ግን ዲኤክስ ያላችሁ ካላችሁ፦ ገና ስትረግጡ ለአፍታ “ውፍ” ብላ ከዚያ የምትነሳ ከሆነ የካርቡራቶሩን መርጫ ፖምፓ እዩ። ማጣሪያውን አንሱና ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ጋዙን በእጅ ሳቡት። በቀጭኑ ቤንዚን ፊጭ ካላለ ላስቲኩ አልቋል። በፀሐይ፣ ዳገት ላይ የምትጠፋ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ መስመሩ ውስጥ እየፈላ ነው። እኛ ጨርቅ አርጥበን ፖምፓው ላይ እናስቀምጥ ነበር። ከፍታ ላይ ቤንዚን ቶሎ ይተናል።


የሱሉልታዋ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታኮውን ከጎረቤት አናጺ ወስጃለሁ። ልጄን ዛሬ እናቴ ጋ ትቻታለሁ።

ቆጣሪው ቅጽበት አይወድቅም። እያሳለች ነው የምትሞተው። 2,500 ላይ ትሆናለች፣ ወደ 2,000፣ ወደ 1,500፣ ከዚያ እየተንቀጠቀጠች ጠፋች። መብራቱ አንድ ቀን በርቶ በማግሥቱ ጠፋ። ነዳጅ ብዙ ጊዜ ከማደያ ነው። ግን ቤንዚን በጠፋበት ሰሞን ወረፋው አላንቀሳቅስ ሲለኝ ሁለት ጊዜ መንገድ ዳር ከጄሪካን ገዝቻለሁ።


የቃሊቲ_መካኒክ — ማክሰኞ፣ ከሰዓት 7፡20

በጣም ጥሩ መልስ ነው። እያሳለ የሚሞት ሞተር ብዙ ጊዜ ነዳጅ የራበው ነው። ቅጽበት የሚጠፋ ደግሞ እሳቱ የተቆረጠበት ነው፤ ክራንክ ሰንሰር (የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚናገረው)፣ ሪሌ፣ የቁልፍ መስመር። ይህ ሕግ አይደለም፣ ግን መንገድ ያሳያል።

እዚህ ላይ ምንም ዕቃ አትግዢ። ብሉቱዝ ስካነር ፈልጊ፣ ስልክ ላይ የሚነበበውን ዓይነት። የተቀመጠ ኮድ ካለ ሳታጠፊው ጻፊልን። ከዚያ ፊውል ትሪም የሚለውን ክፈቺ። አጭርና ረጅም የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ፣ ትደምሪያቸዋለሽ። ኮምፒውተሩ ነዳጅ ሲያንሰው በመቶኛ ይጨምራል፣ ሲበዛበት ይቀንሳል። ድምሩ ከ10 በታች ሲሆን ሰላም ነው። በሦስት ቦታ እንፈልገዋለን፦ ቆማ ስትሠራ፣ ቆማ 2,500 ላይ ስትያዝ፣ እና ዳገቱ ላይ።

ዳገቱ ላይ ሌላ ሰው ያንብብልሽ፣ አንቺ መንገዱን እዪ። እስከ ወለሉ አትርገጪ። ሙሉ ሲረገጥ ኮምፒውተሩ የኦክስጅን ሰንሰሩን መስማት ያቆማል፣ ቁጥሩም ትርጉም ያጣል።


ለገጣፎ_ቪትዝ — ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡10

ጋሽዬ ያሉትን እኔ አይቼዋለሁ። የኔ ችግር የእህታችን ግልባጭ ነበር። ቪትዜ ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች፣ መብራት ላይ ትጠፋለች፣ መንገድ ላይ ግን ትበራለች። ሲነበብ ቆማ +22፣ 2,500 ላይ ግን +5። ልጁ ወዲያው “አየር እየሳበች ነው” አለኝ። ቀዳዳዋ ትንሽ ስለሆነች ቆማ ስትሠራ አየሯን ታበላሻለች፣ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ግን ያቺ ትንሽ አየር ቁጥር ውስጥ አትገባም። ከማኒፎልዱ ስር ያለች የጎማ ቱቦ ሆዷ ተሰንጥቆ አገኘነው። ከላይ ስትታይ ደህና ነበረች። በጣት ሲታጠፍ ነው አፏን የከፈተችው። የቱቦው ዋጋ ከምሳ አይበልጥም።


ሜትር_ታክሲ — ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡00

የነዳጅ ፖምፑን ቀይሪውና ተገላገይ። ሶማሌ ተራ ያገለገለ አለ። የምታጠፊው ጊዜ ከዋጋው ይበልጣል። ካልሆነም ካታሊቲኩ (የጭስ ማጣሪያው) ተደፍኖ ይሆናል። የኔ እንደዚያ ሆኖ ከ60 በላይ አልሄድም ብሎ ነበር።


የቃሊቲ_መካኒክ — ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡35

ካታሊቲክ ማሰብህ ልክ ነው። የተደፈነ ካታሊቲክም ሲረገጥ ያፍናል። ግን ያንተ መኪና 10 ደቂቃ አርፎ ይሻለው ነበር? አይመስለኝም። የተደፈነ ካታሊቲክ በእረፍት አይከፈትም። እሷ የነገረችን ትልቁ ምልክት ያ እረፍት ነው።

ፖምፑን በተመለከተ ግን አልስማማም። መጥፎው ፖምፑ መሆኑን የነገረን ገና የለም። አሁን ያለችበትን ተመልከት፦ ካንዴላ ተገዛ፣ ኢንጀክተር ታጠበ፣ ኮምፒውተር ሊሸጥላት ነበር። አንዱም ጋራዥ የነዳጅ ግፊት አልለካም። አሁን እኛም በግምት አራተኛ ዕቃ ልናስገዛት ነው? ያገለገለ ፖምፕ ደግሞ ስንት ዓመት እንደሠራ ማንም አያውቅም።


የሱሉልታዋ — ሐሙስ፣ ምሽት 2፡15

ስካነሩን ከሥራ ባልደረባዬ ተዋስኩ። ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ አነበበልኝ። ኮዱ ፒ0171 ነው። ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፦

ቆማ ስትሠራ +4
ቆማ 2,500 ላይ +9
ዳገቱ ላይ፣ 3ኛ ማርሽ፣ ግማሽ ረግጬ መጀመሪያ +15፣ ወዲያው +28

+28 ላይ ስትደርስ መታፈን ጀመረች። እግሬን አነሳሁ፣ አልጠፋችም። ወንድሜ ቁጥሩ ሲያድግ ጮክ ብሎ እየቆጠረልኝ ነበር። ከመታፈኗ በፊት ቁጥሩ ቀድሞ ነገረን።


የቃሊቲ_መካኒክ — ሐሙስ፣ ምሽት 2፡50

ልጄ፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ንባብ ጋራዥ ውስጥ እንኳን ሁልጊዜ አላገኝም።

ፒ0171 ማለት ድብልቁ ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው። ምክንያቱን አይናገርም። ቁጥሮቹ ግን ይናገራሉ። ቆማ +4 ከሆነች የአየር መሳብ የለባትም፤ የለገጣፎው ልጅ መንገድ ተዘጋ። ጭነት ሲበዛ ቁጥሩ የሚያድግ ከሆነ ሁለት ተጠርጣሪ ይቀራል። ወይ የአየር መለኪያው ሰንሰር ቆሽሾ የገባውን አየር አሳንሶ ይናገራል፣ ወይ ነዳጁ በበቂ አይደርስም።

ሰንሰሩ ቀላል ስለሆነ እሱን አስቀድሚ። ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ቱቦው ላይ በሁለት ብሎን ታስሯል። ለሱ ተብሎ በተሠራው ስፕሬይ ብቻ ይረጭ። በጥጥ፣ በጣት፣ በኮምፕሬሰር አየር አይነካ። ውስጡ ያለችው ሽቦ ከፀጉር የቀጠነች ናት። በደንብ ይድረቅና ይታሰር።

ካልተለወጠ የነዳጅ ግፊት ይለካ። በዚህ ሞተር 3.0 እስከ 3.5 ባር እንፈልጋለን። ግን ቆሞ ብቻ ተለክቶ “ደህና ነው” እንዳይሉሽ። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ረጅም ቱቦ ኖሮት ከኮፈኑ ወጥቶ መስታወቱ ላይ ይታሰር፣ ዳገት ላይ ይታይ። ቱቦው የሚገባበት ቦታ የሚፈታው ግፊቱ ከወረደ በኋላ ነው፤ የፖምፑን ሶኬት ነቅለው ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ያሠሩታል። ይህን ራስሽ አትሞክሪ፣ የለመደ ሰው ይሥራው።


አውቶ_ኤሌክትሪክ_ገላን — ሐሙስ፣ ምሽት 3፡20

ግፊቱ የሚወርድ ከሆነ ፖምፑን ከመፍረድ በፊት ኤሌክትሪኩም ይለካ። ፖምፑ በርቶ ሳለ ሶኬቱ ላይ ያለውን ቮልት ከባትሪው ጋር አወዳድሩ። ሞተር እየሠራ ባትሪው ላይ 14 ገደማ ካለ፣ ፖምፑ ጋ 12 ብቻ ከደረሰ፣ መስመር ላይ የተቃጠለ ሶኬት ወይም የዛገ ኔጋቲቭ አለ። ሶኬቱ ነቅሎ የተለካ ቮልት ዋጋ የለውም። ጭነት የሌለው ሽቦ ሁልጊዜ ሙሉ ያሳያል።


የሱሉልታዋ — እሁድ፣ ምሽት 1፡30

ረጅም ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ።

ሰንሰሩን ዓርብ ወንድሜ ረጨው። ምንም ለውጥ የለም፣ ዳገቱ ላይ +27። ቅዳሜ አዲሱ ገበያ አካባቢ ጌጅ ያለው መካኒክ አገኘን። መጀመሪያ ቆማ ለክቶ 3.1 ባር አለ፣ “ፖምፑ ጤነኛ ነው” ብሎ ሊፈታው ነበር። ጋሼ ያሉትን ነግሬው መስታወቱ ላይ በፕላስተር አሰረው። አብረን ወጣን።

ዳገቱ ሲጀምር መርፌው 3 ላይ ነበር። ቀስ እያለ ወደ 2.6 ወረደ። መካኒኩ ዝም አለ። 2.2 ሲሆን ትንሽ ተንተፋተፈች። 1.8 ላይ ታፈነች፣ ወደ ዳር ወጣሁ። ከመኪናው ሳንወርድ 10 ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ሳስነሳት መርፌው እንደገና 3.1 ላይ ቆመ። በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር። ቮልቱን ደግሞ ተመልሰን ለካን፦ ባትሪው 14.1፣ ፖምፑ ሶኬት 13.7።

ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታ፣ በሮቹን ሁሉ ከፈተ፣ ስልካችንን እንድናርቅ ነገረን። የኋላውን ወንበር አነሳ። ከስሩ ክብ ክዳን አለ። ፖምፑ ሲወጣ ጫፉ ላይ ካልሲ የምትመስል ወንፊት አለች። ነጭ መሆን ነበረባት አለኝ። የኛዋ ጥቁር ቡናማ ሆና የቡና አተላ የተቀባች ትመስላለች። በጣቱ ሲጫናት ጭቃ ወጣ። ከታንከሩ ሥር በመስታወት ጠርሙስ ነዳጅ ቀዳልኝ። ጠርሙሱን ግቢያችን ጥግ አሳደርኩት። ዛሬ ጠዋት ከሥሩ አንድ ጣት የሚሆን ውሃ ተኝቷል፣ በላዩ ቀይ ዝገት። ከላይ ደግሞ ጥርት ያለ ቤንዚን።


የቃሊቲ_መካኒክ — እሁድ፣ ምሽት 2፡05

ያ 10 ደቂቃ አሁን ገባሽ አይደል? ፖምፑ ሲስብ ቆሻሻው ወንፊቷ ላይ ይለጠፋል። ዳገት ላይ ብዙ ስለሚስብ ጨርሶ ይደፍናታል። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ይቆማል፣ ቆሻሻው ተመልሶ ይረግፋል። ከዚያ እንደ አዲስ ትነሳለች። ሜዳ ላይ ደግሞ ሞተሩ የሚፈልገው ነዳጅ ትንሽ ስለሆነ በተረፈችው ቀዳዳ ይበቃታል።

ፖምፑን ብቻ ገዝታችሁ አሮጌዋን ወንፊት ብታለብሱት ኖሮ በሳምንቱ እዚሁ ነበርን። አሁን የሚሠራው ይህ ነው። ታንከሩ ይውረድ፣ ይታጠብ፣ ይድረቅ። ወንፊቷና ፊልትሮው ይቀየሩ። ፖምፑ ራሱ እንደገና ይለካ፤ ግፊቱን ከያዘ ይቆይ። የክዳኑ ጎማ ጠንክሮ ከሆነ አብሮ ይቀየር፣ አለበለዚያ መኪናው ውስጥ ቤንዚን ይሸታል። ያንን የጠርሙስ ነዳጅም ጄኔሬተር ውስጥ እንዳትጨምሪው።


ሜትር_ታክሲ — እሁድ፣ ምሽት 2፡20

ጋሼ፣ ልክ ነበሩ። እኔ ፖምፕ ነበር የማስገዛት። እህቴ፣ ይቅርታ። ወንፊቷን ስትገዢ አሮጌዋን ይዘሽ ሂጂ፣ አፏ በሚሊ ይለያያል። የማይገጥም ወንፊት ወዝውዘው ያስገቡልሽና በሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ይወልቃል።


ለገጣፎ_ቪትዝ — እሁድ፣ ምሽት 2፡48

ጄሪካኑን በተመለከተ፦ ብዙዎቹ ቀድሞ ውሃ ወይም ዘይት የነበረባቸው ናቸው። ሻጩም ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል። እኔ ግድ ሲሆንብኝ ከመቅዳቴ በፊት በሃይላንድ ጠርሙስ ትንሽ አስቀድቼ ብርሃን ላይ አያለሁ። ውሃ ካለው ወዲያው ከታች መስመር ይሠራል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትን ግን ዓይን አይለየውም፣ ሽታው ነው የሚነግራችሁ። ቤንዚን መኪና ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ከተከለከለ ወዲህ ያለንን መኪና ነው ይዘን የምንኖረው። ለአንድ ጄሪካን ብለን ሞተር ልናጣ አይገባም።


የሱሉልታዋ — ሐሙስ፣ ምሽት 2፡00

ተሠራ። ታንከሩ ወርዶ ታጠበ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ደረቀ። ወንፊትና ፊልትሮ ተቀየሩ፣ ጎማውም አብሮ። ፖምፑ የራሷ ነው፣ ያው የነበረው። ዛሬ ማታ ጌጁን አስረን ወጣን። ከአዲሱ ገበያ እስከ ሱሉልታ መርፌው ከ3.1 አልወረደም። ፊውል ትሪም ዳገቱ ላይ +5። በ3ኛ ማርሽ፣ አራት ሰው ጭኜ። ነገ ልጄን ከእናቴ ቤት አመጣታለሁ።

ጋሼ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎት አላውቅም። ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።


የቃሊቲ_መካኒክ — ሐሙስ፣ ምሽት 2፡25

አሜን፣ ልጄ። እንኳን ደስ ያለሽ። መስመሩ ውስጥ የቀረ ትንሽ ዝገት ስለሚኖር ከወር በኋላ ግፊቱን አንዴ ደግመሽ አስለኪ። ታንከሩን ከሩብ በታች አታውርጂው።


ቡራዩ_02 — ዓርብ፣ ጠዋት 3፡10

ጋሼ፣ ክሩን ሙሉ አነበብኩት። የኔም ዳገት ላይ ይጠፋል፣ አርፎ ይነሳል። ወንፊቷን ላስቀይር?


የቃሊቲ_መካኒክ — ዓርብ፣ ከሰዓት 6፡40

ቆይ። ሲጠፋ ቆጣሪው እንዴት ነው የሚወርደው?


ቡራዩ_02 — ዓርብ፣ ከሰዓት 6፡55

ምንም ሳያስል ቅጽበት ዜሮ ይገባል። ሬዲዮው ግን አይጠፋም። ሞተሩ ሲሞቅ ነው የሚመጣው።


የቃሊቲ_መካኒክ — ዓርብ፣ ከሰዓት 7፡15

እንግዲያው ያንተ ከእሷ ይለያል። ወንፊት አታስቀይር። ከጠፋ በኋላ በሞተሪኖ ስታዞረው የአርፒኤም ንባብ ስካነሩ ላይ ይታይ እንደሆነ ተመልከት። ዜሮ ሆኖ ከቀረ ክራንክ ሰንሰሩን እንጠረጥራለን፤ ሲሞቅ ይሞታል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። የመኪናህን ዓይነትና ዓመት ጽፈህ አዲስ ክር ክፈት፣ እዚያ እንገናኝ።